ትንሽ የበረታው ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ። አንዲት ትንሽ ድንጋይ ፍለጋ ደሴን ከላይ እስከ ታች ያካለለ ሰው።

ድንጋይ ስላችሁ ከጦሳ ተራራ ሥር የሚፈነቀለው አይምሰላችሁ። የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው። እሱም ሬዲዮ ውስጥ የምትከቱት ወፍራሙ አይደለም፤ የካፖርት ቁልፍ የምታክል፣ ክብ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት። ሰውየው እሷን አጣ። ሰው ለቁልፍ ያህል ነገር ይህን ያህል ይንከራተታል? ይንከራተታል። ለምን እንደተንከራተተ ስትሰሙ እናንተም አብራችሁት ትወጡ ትወርዱ ነበር።

ዘርጋው ይባላል። ሰኞ ገበያ አጠገብ ካለ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው ነው። እህል ይመጣል፣ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ የሚዛኑ መርፌ ትንቀጠቀጥ ትንቀጠቀጥና ትረጋለች፣ ዘርጋው ያየውን ይናገራል። ሥራው ይኸው ነው። አንዳንዴ እናቶች ይከራከሩታል። ይኼ ጤፍ ካለፈው ይከብዳል፣ ተሸክሜው የመጣሁት እኔ ነኝ፣ ወገቤ ያውቀዋል ይሉታል። እሱም ሳይቆጣ፣ "እማማ፣ ወገብዎ ደክሞ ነው፤ መርፌዋን ይመልከቱ" ይላቸዋል።

ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። ይህ ሰው ሐሰተኛ አልነበረም። የወፍጮ ቤቱም መርፌ እውነተኛ ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ እውነተኛ መርፌ ሲያይ የኖረ ሰው፣ መርፌ ሁሉ እውነተኛ ቢመስለው ይፈረድበታል?

ዘርጋውን ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ የአባቱ እህት፣ የሻረግ። እናቱ በአራስነቷ ስለሞተች፣ እትዬ እያለ በእሷ ጀርባ ላይ ነው ያደገው። አባቱ ፎቶ አንሺ ነበር። የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሳ የሻረግ ከኋላ መጋረጃ ትይዝለት ነበር። መጋረጃ ስትይዝ ዕድሜዋ አለፈ። የፎቶ አንሺ እህት ሆና፣ መታወቂያዋ ላይ ካለችው፣ ማኅተም ግማሽ ፊቷን ከበላባት ጉርድ ፎቶ በቀር አንድም የላትም።

አንድ ቀን ዘርጋውን ቁጭ አደረገችውና፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ገዳም እንደምትገባ ነገረችው። ስታስበው ኖራለች፤ ከነፍስ አባቷም ጋር ተመካክራለች፤ ነገሩ ያለቀ ነው። እሱ ምን ይበል? አትሂጂ ይበላት? እግዚአብሔር ፊት እንዴት ይቆማል? ሂጂ ይበላት? አንጀቱስ?

"ታዲያ እኔ ምንሽን ይዤ እቀራለሁ፣ እትዬ?" አላት።

እሷም አንድ ፎቶ እንዲያነሳት ፈቀደች። ግን በወንድሟ ካሜራ፣ በዘርጋው በራሱ እጅ፣ እዚሁ ቤቷ ውስጥ። ፎቶ ቤት አትሄድም። አሁን ፊትን ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሚከቱት ይባላል፤ ከዚያ ወጥቶ ማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ብልጭ የሚለውም መብራት አይሆንላትም፤ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ብልጭታ ራሷን ይፈልጣታል። ደግሞም አንዴ ብቻ።

አንዴ ብቻ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ጠየቃት።

"እግዜር አንድ ፊት ነው የሰጠኝ፤ አንድ ይበቃሃል" አለችው።

እንግዲህ የነገሩን ክብደት ተመልከቱ። አንዲት ሴት አለች፤ እናት ሆና ያሳደገችው። ልትሄድ ነው። ከሄደች በኋላ ፊቷን የሚያስቀርለት አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ያንን ወረቀት የሚያገኘው ደግሞ አንድ ጊዜ ተኩሶ ነው። ቢስት የለም።

ካሜራው ደህና ነው። ፊልም ያኔ ገና ይሸጥ ነበርና አንድ ጥቅል ገዛ። የጎደለው የአባቱ የብርሃን መለኪያ ነው። ይህች መለኪያ መዳፍ የምትሞላ ዕቃ ናት። ወደምታነሱት ሰው ታዞሯታላችሁ፣ ውስጧ ያለችው ቀጭን መርፌ ትነሳለች፣ ያለው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ ትነግራችኋለች። ብርሃኑ ብዙ ከሆነ የካሜራውን ዓይን ታጠብባላችሁ፤ ትንሽ ከሆነ ትከፍታላችሁ። አባቱ ያለ እሷ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። የሰው ዓይን ጨለማን ይለምዳል ይል ነበር። ጨለማ ውስጥ ትንሽ ከቆየ ብርሃን ያለ ይመስለዋል። መለኪያ ግን አይለምድም።

ዘርጋው መለኪያዋን ከቆዳ ኪሷ አወጣት። ወደ መስኮቱ አዞራት። መርፌዋ ሞታለች። ከኋላ ሲከፍታት ያቺ ቁልፍ የምታክል ድንጋይ አረንጓዴ ዝገት አብቅላ ተገኘች።

እንዲህ ነው ፍለጋው የተጀመረው።

መጀመሪያ አራዳ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባ። ባትሪ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለሱቁ የእጅ ባትሪ አውጥቶ ግድግዳው ላይ አበራለት። ባትሪውን አይደለም፣ ድንጋዩን ነው አለ። ባለሱቁ ሁለት የሬዲዮ ድንጋይ አስቀመጠለት። ዘርጋው ከዚህ ያነሰ ነው አለ። የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ አስቀመጠለት። ከዚህም ያነሰ ሲለው ባለሱቁ ግራ ገባውና ለምን እንደሚፈልገው ጠየቀ።

"ለብርሃን መለኪያ ነው" አለ ዘርጋው።

ባለሱቁ ፊቱ ተለዋወጠ። ሱቁን ሲከራየው ቆጣሪው እንዲሁ እንደነበረ፣ እሱ አንዲት ሽቦ እንዳልነካ፣ ከነካም የበፊቱ ተከራይ እንደሆነ ይዘረዝር ጀመር። ዘርጋው የመብራት ኃይል ሰው አለመሆኑን ቢምል ቢገዘት አልታመነም። ለስላሳ ጋብዞ፣ እስከ በሩ ድረስ አጅቦ ሸኘው። ዘርጋው መንገድ ላይ ቆሞ እጁ ላይ ያለውን ጠርሙስ እያየ ምን እንደተፈጠረ ማሰብ አቃተው።

ቀጥሎ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄደ። ባለቤቱ ጋሽ ዓምዴ የአባቱን ስም ያውቃል። መለኪያዋን ሲያያት ሳቀ፤ ይህች እኮ አሁን መደርደሪያ ላይ ለጌጥ የምትቀመጥ ናት አለው። ድንጋዩ የለም። ግን ለምን ትጨነቃለህ፣ በግምት አንሳ፤ ጨለም ካለ ክፈት፣ ብሩህ ከሆነ አጥብብ፣ ካልሆነም እኔ መጥቼ ላንሳልህ አለው። ዘርጋው እሷ ባዕድ ሰው አትፈልግም አለ። ግምት የሚለው ቃል ደግሞ ጆሮውን ቆረቆረው። በሱ ወፍጮ ቤት በግምት የሚናገር ሰው ሌባ ነው የሚባለው።

ወፍጮ ቤት ያሉት ጓደኞቹም የየራሳቸውን መከሩት። አንዱ ድንጋዩን ንከሰው አለው፤ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ነክሰው ሲያስገቡት አንድ ዜና ያሰማል። ሌላው ፀሐይ ላይ አስጣው አለው። ዘርጋው ነከሳት፤ ምላሱ ላይ እንደ ሆምጣጤ ያለ ነገር ቀረበት እንጂ ምንም አልሆነ። ከዚያ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጣት። የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ። ገባና አልወጣ አለ። የብርሃን መለኪያ ድንጋይ ብርሃን አጥታ ጣራ ላይ ሰነበተች። ጓደኞቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ጣራው እያዩ፣ ዘርጋው፣ እንቁላሏን ቀፈቀፈች ወይ ይሉት ነበር።

ቀኑ እየቀረበ ነው። እትዬ የሻረግ ዕቃዋን ለጎረቤት ማደል ጀምራለች። እሱ ደግሞ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራል። አንዱ አዲስ አበባ ሂድ ይለዋል፣ አንዱ ኮምቦልቻ ሞክር ይለዋል፣ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ድሮም አልነበረም ይለዋል። ሁሉም እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚነግረው። እሱ ብቻ ነው ግራ የገባው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ያለ፣ ለሱ ብቻ ያልተነገረው ያለ እየመሰለው ይሄዳል።

በመጨረሻ ፒያሳ ሐጂ ይመር ዘንድ ደረሰ። ሐጂ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ተክለው የሚውሉ። ድንጋዪቱን ተቀብለው አገላበጧትና ተነፈሱ። የዚህ ድንጋይ ሆድ ውስጥ ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት፣ አለበት አሉት። ባዜቃ ደግሞ መሬት ሲጣል አፈሩንና ውሃውን ይመርዛል፤ ስለዚህ ፋብሪካዎቹ መሥራቱን ተዉት፤ ቢዞር ቢዞር አያገኘውም።

ዘርጋው ቅስሙ ስብር አለ። የማይገኝ ነገር ሲፈልግ መሰንበቱ ነው። ሐጂ አዘኑለት መሰለኝ ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ጣሳ አወጡ፣ ጣታቸውን ሰደው ፈለጉ፣ ፈለጉና አንዲት አንጸባራቂ ድንጋይ አመጡ። መለኪያዋ ውስጥ ስትገባ ልክክ አለች።

"መጠኗ ያው ነው" አሉ ሐጂ። "ብቻ ይቺኛዋ ትንሽ ትበረታለች።"

"ትበርታ እንጂ ሐጂ፤ የደከመችማ አለችኝ።"

ሐጂ ሳቁ። ከዚያ ማጉያውን ከዓይናቸው ነቅለው አዩትና፣ "ሰዓት ቢሆን አውቅልህ ነበር፤ ይህን ዕቃ ግን አላውቀውም። አንተው አጣራ" አሉት።

አልሰማቸውም። ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት መርፌዋ ተነሳች። የሞተችው መርፌ፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያልተላወሰችው መርፌ፣ እንደ ሰው ብድግ አለች። ዘርጋው ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሐጂን መረቃቸው፣ እሳቸውም አሚን አሉ፣ ወጣ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ተመልከቱልኝ። ይህ ሰው እስከ አሁን ምን ሲያደርግ ነበር? ሲጠይቅ ነበር። ባለሱቅ ጠየቀ፣ ፎቶ ቤት ጠየቀ፣ የወፍጮ ቤት ጓደኛ ጠየቀ። የማይረባውንም ምክር ተቀብሎ ድንጋይ ነከሰ። ግራ የገባው ሰው ሁሉን ይጠይቃል። መርፌዋ ከተነሳች በኋላስ? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዘርጋው ማንንም አልጠየቀም። "ትንሽ ትበረታለች" የሚለውን ቃል እንኳ ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ አልሰማውም፤ ምርቃት ነው ብሎ ሰማው። እኛስ ብንሆን? በርትታችኋል ስንባል፣ ለምን ሥራ፣ ከምን በላይ ብለን የጠየቅንበት ቀን አለ?

የመሄጃዋ ቀን ደረሰ። መኪናው ረፋድ ላይ ይመጣል። ዘርጋው ማለዳ ካሜራውንና መለኪያዋን ይዞ ሄደ። ጉሙ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እትዬ የሻረግ በሩን ዘግታ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ለመንገዷ የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ጠርዝ ልትሰፋ ትታገላለች። ቤቱ ባዶ ነው። ያ ሁሉ ዕቃ ወጥቶ አልጋና በርጩማ ቀርቷል።

ዘርጋው መለኪያዋን ወደ ፊቷ አዞራት። መርፌዋ ነጎደች። ከጠበቀው በላይ ወጣች። ደስ አለው።

"ብርሃኑ ሞልቷል፣ እትዬ" አላት።

"ምኑ ነው የሞላው?" አለች ሳቅ ብላ። "እኔ ይቺን መርፌ ክር ማግባት አቅቶኝ ነው ከነጋ የተቀመጥኩት። ቤቱ ጨልሞብኛል እኮ፣ ዘርጌ።"

አሁን ቤቱ ውስጥ ስንት መርፌ አለ? ሁለት። አንደኛዋ መለኪያው ውስጥ ነች፤ ተነስታ ብርሃን ሞልቷል ትላለች። ሁለተኛዋ እትዬ የሻረግ ጣት ላይ ነች፤ ክሩን አላሳልፍም ብላ ጨለማ ነው ትላለች። ሁለቱም መርፌ ናቸው። ሁለቱም አይዋሹም የሚባሉ ናቸው። ማንን ይመን?

ዘርጋው ግራ ገባው። ቤቱን ዞሮ አየው። እውነትም ጨለም ያለ መሰለው። መለኪያዋን አየ፤ መርፌዋ ላይ ናት፣ አትንቀጠቀጥም፣ ረግታለች። አባቱ የሰው ዓይን አይታመንም ያለው ትዝ አለው። ግን አባቱ ያለው ዓይን ጨለማውን ብርሃን ያስመስለዋል ነው፤ የእትዬ ዓይን ደግሞ ብርሃኑን ጨለማ ነው እያለ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል? ነገሩ ተገለባበጠበት። ሰላሳ ዓመት የለመደው አፉ ግን አልተገለባበጠም። አፉ ቀደመው።

"ዓይንሽ ደክሞ ነው፣ እትዬ" አላት።

አየችው። አልተከራከረችም። መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች፣ ቀሚሱን አጣጠፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። "ይሁን፤ አንተ ካልክ" አለች። ከዚያ እንደ ልጅ ሆና ልሳቅ ወይስ ዝም ልበል ብላ ጠየቀችው። እንደፈለግሽ አላት። ምን እንደመረጠች ግን ልብ ብሎ አላየም፤ መለኪያዋን ነበር የሚያየው። መለኪያዋ እንዳለችው የካሜራውን ዓይን አጠበበ። ቀጭ አደረገ።

"በቃ?"

"በቃ።"

ረፋድ ላይ መኪናው መጣ። ሄደች።

ጋሽ ዓምዴ ፊልሙን አጥቦ ሲያበቃ ዘርጋውን አስጠራው። ፊልሙን አምፖል ላይ ዘረጋለት፤ እንደ ንጹሕ ብርጭቆ ባዶ ነው። እንደምንም ታግሎ ወረቀት ላይ አውጥቶታል። ወረቀቱ ጥቁር ነው። ዳር ላይ የመስኮቱ ጠርዝ ይታያል፤ ከሥሩ የነጠላዋ ጥለት ትንሽ ይታያል። ፊቷ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ምንም የለም።

ጋሽ ዓምዴ ምን ድንጋይ እንዳስገባ ጠየቀው። ነገረው። እንግዲያው እሱ ነው አለ ጋሽ ዓምዴ። መለኪያዋ የተሠራችው ለደካማው ድንጋይ ነው። በዚያች በልኳ ጉልበት እውነት ትናገራለች። የበረታ ሲሰጧት ትሰክራለች፤ ትንሹን ብርሃን ብዙ ነው ትላለች። ብዙ ነው ስትልህ አንተ የካሜራውን ዓይን አጠበብክ። ስታጠብብ ብርሃን አልገባም።

ዘርጋው አልገባው አለ። ብርታት እንዴት ጨለማ ያመጣል? ድንጋዩ ቢደክም፣ ፎቶው ቢጠፋ ይገባዋል። ድንጋዩ በርትቶ እንዴት ይጠፋል? እቤቱ ሄዶ መለኪያዋን ጨለማ ጥግ ላይ አቆማት። መርፌዋ ተነሳች። አልጋው ሥር አስገባት። አሁንም አንገቷን አላቀረቀረችም። ጨለማ ውስጥ ሆና ደህና ነኝ፣ ብርሃን ነው ትላለች። ያን ጊዜ ፈራት።

ሰኔ ሲገባ ወደ ገዳሙ ሄደ። ወረቀቱን በኪሱ ይዟል። መንገዱን ሙሉ ቆንጆ ሆነሽ ወጥተሻል ሊላት ሲለማመድ ነው የሄደው። በሩ ላይ አስጠራት። መጣች። ቆቧ እስከ ቅንድቧ ወርዷል፤ ነጠላዋ እስከ አፏ ወጥቷል። ካሳደገችው ፊት የቀሩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። አንቺ ይበላት አንቱ ይበላቸው እንኳ ግራ ገባው፤ እትዬ ሊል ጀምሮ እማሆይ ብሎ ጨረሰ፣ ከሁለቱ አንዱም ሳይሆን ቀረ።

"ወጣ?" አለችው።

የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት። ወረቀቱን ሰጣት። ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"ይህ መስኮቱ ነው" አለች። "ይህ ነጠላዬ ነው። እኔስ?"

ሁሉንም ነገራት። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ሐጂ፣ ስለ ሰከረችው መለኪያ። እሷ ስታዳምጥ ቆየች። ነግሬህ ነበር አላለችም። ወረቀቱንም አልመለሰችለትም።

"ያን ለት ጨልሟል ስልህ" አለችው፣ "ለምን መልሰህ አልጠየቅኸኝም?"

"ምን ብዬ ልጠይቅ?"

"'ታዲያ ምን እናድርግ' ብለህ ነዋ። በሩን እከፍተው ነበር እኮ፣ ልጄ። ብርድ ፈርቼ ነው የዘጋሁት። አንተ ብትጠይቀኝ ብርዱን እችለው ነበር።"

ወገኖቼ፣ ሰምታችኋል?

በር ነበረ። መፍትሔው እዚያው ቤት ውስጥ ነበረ፤ የሚከፈት የእንጨት በር። ይህ ሰው ግራ በገባው ጊዜ የማያውቀውን ባለሱቅ ሁሉ ጠይቋል። መርፌዋ በተነሳች ጊዜ ግን ያሳደገችውን ሴት አልጠየቀም። ግራ መጋባቱ ሱቅ ለሱቅ ሲያንከራትተው ረገመው ይሆናል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን ጤነኛ የሆነበት ቀን ቢኖር ግራ የገባው ቀን ነው። የጠፋው እርግጠኛ የሆነ ቀን ነው።

የሞተች መርፌ ማንንም አታስትም። ሞታለችና ሰው ሌላ ይፈልጋል። የምታስተው ተነስታ የቆመችው፣ የማትንቀጠቀጠው፣ ከልኳ በላይ ጉልበት ያገኘችው ናት። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። እናንተን ዛሬ የሚያበረታችሁ ምንድነው? ሹመት ነው? ስታልፉ ሰው ከወንበሩ የሚነሳላችሁ መሆኑ ነው? ትምህርት ነው? ወይስ፣ ለማለትም ይከብዳል፣ ጾማችሁና አገልግሎታችሁ ነው? እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ሐጂ የሰጡትም ድንጋይ መልካም ድንጋይ ነው፤ ሌላ ዕቃ ውስጥ ቢገባ ሥራውን በወጉ ይሠራል። ነገር ግን እኛ የተሠራነው ለትንሽ ጉልበት ነው። በልካችን ስንሆን ጨለማውን ጨለማ እንላለን። ከልክ በላይ ስንበረታ፣ አልጋ ሥር ሆነን ብርሃን ነው እንላለን። ትዳራችን ጨልሞ፣ ደህና ነው እንላለን። ልጃችን ከእኛ ጋር መነጋገር ካቆመ ከርሞ፣ ቤቴ ሰላም ነው እንላለን። ውሸታችንን ነው? አይደለም። መርፌያችን እንዲያ እያለችን ነው።

ታዲያ እንዴት እናውቃለን? ይህን እኔም ቁርጥ አድርጌ ልነግራችሁ አልችልም። የራስን መርፌ በራስ መርፌ መመዘን አይቻልም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ለእያንዳንዳችን በቤታችን ውስጥ ክር ማግባት ያቃተው አንድ ሰው አስቀምጦልናል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። አይከራከርም። አንድ ጊዜ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ ጨልሞብኛል እኮ ይላል። ባል ሆይ፣ ሚስትህ ብላህ ይሆናል። አንቺ እናት፣ ልጅሽ በር ዘግቶ ሲገባ እንዲያ ማለቱ ይሆናል። እናንተ ወጣቶች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ዘመኑ አልፎባታል ያላችኋት እናታችሁ ትናንት ማታ እንዲያ ብላችሁ ይሆናል። እናንተስ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?

ዓይንሽ ደክሞ ነው አላችሁ? ይሁን፣ አንተ ካልክ ብላ ዝም አለች? ያ ዝምታ ስምምነት መሰላችሁ?

እንግዲህ ስብከቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የምጨምረው የለኝም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በየመንገዱ ቆማችሁ ወሬ አትጀምሩ። ቀጥታ ግቡ። ጨልሟል ያላችሁ ሰው አጠገብ ቁጭ በሉና፣ ታዲያ ምን እናድርግ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ይጠፋባችሁ ይሆናል፤ ግራ ይገባችሁ ይሆናል፤ ይግባችሁ። ብቻ ጠይቁ።

ዛሬ ገና ቤት ናቸው።